ነጋሪቱ በመኪና መጣ

ድሮ አዋጅ ሲወጣ ነጋሪት መቺው ገበያ መሐል ይቆምና «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ!» ይል ነበር። ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣም ስሙን ከዚያው ወርሶ ነጋሪት ጋዜጣ እንደተባለ አለ። ነጋሪት መቺው ራሱ የት እንደገባ ማወቅ የፈለገ ሰው ክረምት ላይ ወደ አንዱ የወረዳ አዳራሽ ጎራ ይበል። ሸሚዛቸውን አስተኩሰው፣ በመኪና መጥተው፣ የታሸገ ውሃ ፊታቸው ተደርድሮላቸው ያገኛቸዋል። አሁን ክቡር የምክር ቤት አባል ይባላሉ።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የዓመቱ የሥራ ጊዜ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው። በመሐሉም የአንድ ወር ዕረፍት ሊወስድ ይችላል። በቀረው ጊዜ ተወካዮች ወደ መረጣቸው ሕዝብ ይወርዳሉ። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ ወርደው ብሶቱን ይሰማሉ፣ መስከረም ላይ ተሸክመውት አዲስ አበባ ይገባሉ። ዳሩ ብሶት ከባድ ሸክም ነው፣ መንገዱም ኮረኮንች። ስለዚህ አስተዋይ ተወካዮች ጭነቱን በሌላው አቅጣጫ አደረጉት። ሲመጡ ሪፖርት ሞልተው ይመጣሉ፣ ሲመለሱ ባዶ ይመለሳሉ። ነዳጅም ይቆጥባል።

መድረኩ «የመራጭ ተመራጭ ውይይት» ይባላል። የወረዳው አስተዳዳሪ ይከፍታሉ፣ ክቡር ተወካዩ ይቀጥላሉ፣ ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስም አይጨርሱም። አዋጅ እንደ ነዶ ይቆጠራል፤ ይህን ያህል ጸደቀ፣ ይህን ያህል ለቋሚ ኮሚቴ ተመራ። በታኅሣሥ 2017 የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር መክፈቱም ይበሠራል። የቀበሌው እናቶች የእቁባቸውን ገንዘብ በየትኛው የውጭ ባንክ እንደሚያስቀምጡ ከወዲሁ ቢመካከሩ አይከፋም።

ከዚያ በጀቱ ይመጣል። ሰኔ 26 ቀን 2017 ምክር ቤቱ ለ2018 ያጸደቀው 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ቁጥሩ ሲነገር አዳራሹ ዝም ይላል፤ ዜሮውን የሚቆጥርበት ጣት አጥቶ እንጂ ተደንቆ አይደለም። እስቲ ለጨዋታ ያህል ለምክር ቤቱ 547 መቀመጫዎች ይካፈል፤ ለእያንዳንዱ የምርጫ ክልል 3.5 ቢሊዮን ብር ገደማ ይደርሰዋል። ስሌቱ የዋህ ነው፤ ዕዳ አለ፣ መከላከያ አለ፣ የክልሎች ድጎማ አለ። ግን ይህን ቀንሰው «ከዚህ ውስጥ ለእናንተ ወረዳ የመጣው ይሄ ነው» የሚሉ ተወካይ ቢገኙ ያ መድረክ በእውነት ውይይት ይሆን ነበር። የሚነገረው አገራዊው ድምር ብቻ ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ።

የሪፖርቱ ጌጥ ግን የገቢ ግብር አዋጁ ነው። ሐምሌ 10 ቀን 2017 በጸደቀው ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ክቡርነታቸው እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ይላሉ፤ ጭብጨባ ነዋ የሚጠብቁት። ይጨበጨባል። 600 ብሩ በ2008 ሲወሰን በወቅቱ የባንክ ምንዛሪ 27 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። 2,000 ብሩ በጸደቀበት ሐምሌ የሚያወጣው 15 ዶላር ገደማ ነው። እየጨመሩ መቀነስ፣ ለዚያውም እየተጨበጨበ፣ ቀላል ጥበብ እንዳይመስላችሁ።

ምንዛሪው ለምን እንዲህ ሆነ የሚለው ሪፖርቱ ላይ የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ብርን ለገበያ ሲለቀው ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ብር ገደማ ዘለለ፤ በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆነ። የዘይቱንም የማዳበሪያውንም ዋጋ ከየትኛውም አዋጅ በላይ የነካ ውሳኔ ይኸው ነው። ከምክር ቤቱ የወጣ ሕግ ስላልሆነ ግን በሪፖርቱ ውስጥ ቦታ የለውም። ዝናብም ከምክር ቤቱ አልወጣም፤ መኸሩ ጥሩ ሲሆን ግን ሪፖርቱ ውስጥ ይገባል።

ስለ ሴፍቲኔት ሲነገር ደግሞ አንድ ቃል ልብ ይሏል። መርሐ ግብሩ በ1997 ተጀምሮ ወጪውን በአብዛኛው ለጋሾች እየሸፈኑት 8 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን ሲደግፍ ኖሯል። ከዝርዝሩ የሚወጣ ሰው «ተመረቀ» ይባላል። ጋዋን የለም፣ ፎቶ የለም፤ ስንዴው ብቻ ይቋረጣል። ክቡር ተወካዩ የምሩቃኑን ብዛት ሲያነቡ ከኋላ ወንበር ላይ ያሉ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። ባለፈው ዓመት የተመረቁ ሳይሆኑ አይቀሩም።

በዚህ ሁሉ ሰዓት «እኔ» የሚል ቃል ከክቡርነታቸው አፍ አይወጣም። ምክር ቤቱ አጸደቀ፣ መንግሥት አቅጣጫ አስቀመጠ፣ በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ። የንብረት ታክስ አዋጁ በጥር 2017 ሲጸድቅ እርሳቸው እጃቸውን ለድጋፍ አነሡ? ተቃወሙ? ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ? ወይስ ያን ቀን ሻይ ቤት ነበሩ? አንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባል ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ ተገዥ ነው ይላል። መልሱ የማይሰማው ኅሊና ሪፖርት የማቅረብ ልማድ ስለሌለው ይሆናል። ከ2007 ምርጫ በኋላማ ጥያቄውም አላስፈለገም ነበር፤ 547ቱም መቀመጫ በገዥው ግንባርና በአጋሮቹ ተይዞ እጅ ሲነሣ አብሮ ይነሣ ነበር። በምክር ቤቱ ቆመው ጠንካራ ጥያቄ የሚጠይቁ አባላት የሉም ለማለት አይደለም፤ አሉ። በጣት ይቆጠራሉ እንጂ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ቢያንስ አልሸነገለም፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ መኳንንቱና ሹማምንቱ ይምረጡለት ብሎ በቀጥታ ጽፎታል።

በመጨረሻ ጊዜው ስለገፋ ለአምስት ሰው ብቻ ዕድል ይሰጣል። አንድ አዛውንት ተደግፈው ይነሣሉ። «ክቡር ተወካያችን፣ እንኳን ደህና መጡ። ይቺ የውሃ ቦኖ አምናም ጠይቀናል፤ ሞተሯ እንደተበላሸ ነው።»

«አባቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ይዘን ሄደን ለሚመለከተው አካል እናስተላልፋለን።»

የሚመለከተው አካል! በዚህ አገር ከእርሱ የበለጠ አደራ የተጣለበት የለም፣ ከእርሱ የበለጠም ተሰውሮ የኖረ የለም። ጥያቄ ሁሉ ወደ እርሱ ይሄዳል፤ ደረሰኝ የቆረጠ ግን አልታየም። ክቡርነታቸው ሪፖርታቸውን ሲያዘጋጁ አንቀጽ 55ን ገልጠው ቢሆን ኖሮ ከዚህ ድካም በዳኑ። ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር የመመርመር ሥልጣን ያለው ምክር ቤቱ ነው ይላል። የሚመለከተው አካል ከአዛውንቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ የታሸገ ውሃ እየጠጣ ነበር።

አምናም እንዲሁ ነበር፤ ቃለ ጉባኤው ይመስክር። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ አዲስ ባነር ይሰቀላል። ሕዝቡ አመኔታ ያጣበት ተወካይ በሕግ መሠረት ከአባልነቱ እንደሚነሣ የሚናገረው ያው አንቀጽ 54 እስካሁን በየትኛውም አዳራሽ ከሪፖርቱ ጋር ሲነበብ አልተሰማም።

አንባቢ ሆይ፣ ያን ቀን አዳራሽ ከገቡና ከአምስቱ ዕድለኞች አንዱ ከሆኑ ውሃውንም መንገዱንም ለጊዜው ይተዉትና አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁልን፦ «ክቡር ተወካያችን፣ እርስዎ ራስዎ እጅዎን ያነሡት ለየትኛው ነው?»