የወለል ንድፍ አመራረጥ በዱራሜ፦ አጭር ጥናት

የወለል ንድፍ ማለት የቤት ወለል የሚለብሰው ነገር የሚደረደርበት፣ የሚታተምበት ወይም የሚለቀለቅበት ሥርዓት ሲሆን፣ በከምባታ ዞን ዋና ከተማ በዱራሜ የሚታዩት ወለሎች ከዚሁ አንጻር በአራት ይመደባሉ።

የመጀመሪያው በእበት የሚለቀለቀው የአፈር ወለል ነው፤ የለቅላቂዋ እጅ በዞረ ቁጥር ጣቶቿ የሚተዉት የግማሽ ክብ መስመር በየትኛውም የሻጭ ናሙና ላይ ባይገኝም፣ ከአራቱ መካከል በእጅ የሚሠራና ከቤት ቤት የሚለያይ ንድፍ እርሱ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሊሾ፣ ማለትም ተለስኖ እስኪያብረቀርቅ የሚታሸው ሲሚንቶ፣ ንድፍ ስለሌለው የቤተሰብ ጭቅጭቅ አያስነሣም፤ ስለዚህም ለጥናት አይመችም። ሦስተኛው ፓርኬ፣ ማለትም የጠንካራ እንጨት ቁራጮች እየተገጣጠሙ የሚነጠፉበት ወለል፣ በ17ኛው መቶ ዘመን በፈረንሳይ የቬርሳይ ቤተ መንግሥት እብነ በረድን የተካው የእብነ በረዱ ማጠቢያ ውኃ ወደ ታች እየሰረገ ተሸካሚ እንጨቶችን ስላበሰበሰ ነው፤ በአገራችንም በአዲስ አበባ የቆዩ ቪላዎች ውስጥ ይገኛል። አራተኛውና የዚህ ጥናት ዋና ጉዳይ የሆነው የፓርኬ ሥዕል የታተመበት የፕላስቲክ ምንጣፍ ሲሆን፣ ከጥቅል ላይ በሜትር እየተለካ ይሸጣል።

ይህ አራተኛው ዓይነት ከእንጨት ሁለት ብልጫዎች አሉት፤ ምስጥ አይበላውም፣ ሲታጠብም አያብጥም። በጥሞና ለተመለከተው ግን አንዲት የቅርንጫፍ ጉጥ በእኩል ርቀት እየተመላለሰች ከበሩ እስከ ጓዳው ስትደርስ ይታያል፤ ይህም በዕፅዋት ዓለም ያልተለመደ ሥርዓታማነት ነው። የታተመው ዛፍ ብዙውን ጊዜ ኦክ የተባለው የአውሮፓ ዛፍ ሲሆን፣ ዋንዛው፣ ዝግባውና ባሕር ዛፉ ደጅ ቆመው ይጠብቃሉ።

ምርጫው የሚካሄደው በጉባኤ ነው። ከከምባታና ከሐዲያ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዳቸውና የሚልኩት ገንዘብ ቤት ማሠሪያ መሆኑ የታወቀ ስለሆነ፣ የመጨረሻው ድምፅ ከ3 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በስልክ መስኮት ንድፉን ለሚያየው ልጅ ይሰጣል። እናት እድፍ የማያሳየውን ጥቁሩን፣ እህት ቁራጮቹ እንደ ዓሣ አጥንት ግራና ቀኝ የተጋደሙበትን፣ ልጁ ደግሞ እዚያው አከራዩ ቤት ያየውን ይመርጣሉ፤ አባት «የሚበረክተው የቱ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፣ መልስ ግን አያገኙም። ክርክሩን የሚቋጨው የመስቀል መቃረብ ነው፤ ለበዓሉ ቤት መታደስ ስላለበት ከሱቁ ያላለቀው ንድፍ በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል።

ከተነጠፈ በኋላ የሚሆነው ለሳይንስ ይበልጥ አስደናቂ ነው። በሳሎኑ ዙሪያ ሶፋ ይደረደራል፣ መሐሉ ላይ ስጋጃ ይዘረጋል፣ በስጋጃው ላይ ጠረጴዛ ይቆማል፣ በበዓሉ ዕለትም በቀረው ቦታ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ከዚህ በመነሣት አንድ ሕግ ማውጣት ይቻላል፦ ንድፉ ለዓይን የሚታይበት ስፋት፣ በምርጫው ላይ የተደረገው ክርክር በረዘመ ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል።

ስለዚህ ቁጠባ የሚሻ ቤተሰብ ንድፍ መምረጥ የሚገባው ሁልጊዜ ለሚታየው ለበሩ መግቢያ ብቻ ነው፤ እዚያም የእግር መጥረጊያ ይነጠፍበታል።