ከአስፋልቱ ውረዱ

«የመቀሌን ቆሻሻ ዓይነት ለማጥናት ሦስት ሰፈር ይበቃል» ይላል አንዱ ባለሙያ። የትኞቹ ሦስት? «መኪና የሚገባባቸው።» እንግዲያው ወንድሜ፣ ያጠናኸው መንገዱን ነው።

«እሺ፣ ከሰባቱም ክፍለ ከተማ አንዳንድ ሰፈር እንውሰድ።» ይሄ ይሻላል። ሓወልቲም፣ ዓዲ ሓቂም፣ ቀዳማይ ወያነም፣ ሓድነትም፣ ዓይደርም፣ ሰሜንም፣ ኲሓም ድርሻ አገኙ። ግን የክፍለ ከተማ ወሰን የሚሰመረው ለአስተዳደር ነው፤ ቆሻሻ የሚወጣው ከምድጃና ከኪስ ነው። በአንድ መንደር ባለፎቁና አንዲት ክፍል ተከራይቶ ልጆች የሚያሳድገው ግድግዳ ይጋራሉ። በከሰል የሚያበስለው ቤት አመድ ይደፋል፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግረው አመድ ከየት ያመጣል? ግቢው ውስጥ በግ ያሰረ ሰው የአትክልት ልጣጭ ወደ ውጭ አያወጣም። ስለዚህ መጀመሪያ ቤቶቹን በአኗኗራቸው መድቡ፤ ከዚያ ከየምድቡ በዕጣ አውጡ። በዕጣ ነው ያልኩት፤ በትውውቅ አይደለም።

«ቤት ለቤት ከምንዞር ከገንዳው ብንወስድ ይቀላል።» ለማን? ገንዳው ጋ እስክትደርሱ የላስቲክ ጠርሙሱን ለቃሚ ወስዶታል፣ ልጣጩን ፍየል በልታዋለች። የተረፈውን መዝናችሁ «የመቀሌ ሕዝብ ጠርሙስ አይጥልም» ልትሉ ነው?

ከዚህ የሚብስም አለ። ቴዎድሮስ ታደሰ፣ አርያን ሩይስና ፍጹም ሓጎስ በዚችው መቀሌ የቤተሰቦችን ቆሻሻ አጣጣል አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2008 አሳትመዋል። ገንዳ ሲያንስና ሲርቅ፣ ቆሻሻው ሜዳና መንገድ ዳር የመጣል ዕድሉ እንደሚጨምር አገኙ። ገቢው ከፍ ያለ ቤተሰብ ደግሞ ከሜዳው ይልቅ ወደ ገንዳው ያደላል። «ሜዳ ላይ የሚጥሉት እኮ ስላልተማሩ ነው» ለምትሉኝ፣ ጥናቱ ትምህርትም ዕድሜም የቤተሰብ ብዛትም ጉልህ ልዩነት እንዳላመጡ ይናገራል። ገንዳ አቅርቡላቸው፤ ትምህርቱን በኋላ ትሰጣላችሁ።

እንግዲህ ከገንዳ ብቻ ናሙና የሚወስድ ሰው የቆጠረው ገንዳ የደረሰለትን ነዋሪ ነው። ቆሻሻው ፈፋ የገባበት ሰፈር ሁለት ጊዜ ተዘለለ፤ መጀመሪያ በገንዳው፣ አሁን በወረቀቱ። በዚያ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ መኪና ይገዛል፣ ገንዳ ይታደላል። ያው ሰፈር ለሦስተኛ ጊዜ ይዘለላል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

«ተፈናቃዮችስ ጊዜያዊ ናቸው፤ ባይገቡም ምንም አይደል።» ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት የተፈረመው በጥቅምት 2015 ነው። ከዚያም ወዲህ በሰብዓ ካሬ መጠለያ ዓመት በዓመት ላይ የተደራረበበት ሰው አለ። በልቶ፣ ጠጥቶ፣ አጥቦ፣ ልጅ ወልዶ የሚኖር ሰው ቆሻሻው ጊዜያዊ የሚሆነው በምን ተአምር ነው? መጠለያው ራሱን የቻለ ምድብ ይሁን።

«እኛ በመጋቢት ሠርተን ጨርሰናል።» መጋቢት አብዛኛው ሁዳዴ ነው፤ ሥጋ ቤቱም ቀዝቅዟል፣ የዶሮ ላባም የለም። በሐምሌና በነሐሴ ብትመጡ መቀሌ ሌላ ናት፦ በለስ በየመንገዱ ይላጣል፣ ልጣጩ እርጥብና ከባድ ነው፣ ዝናቡም ይጨምርበታል፣ የአሸንዳ በዓልም ይመጣል። በጋውንም ክረምቱንም ያላየ ቁጥር የግማሽ ዓመት ቁጥር ነው፤ በሽፋኑ ላይ እንደዚያው ጻፉት።

«ጊዜ የለንም፤ የአዲስ አበባውን አኃዝ እንጠቀም።» አዲስ አበባ ራሷ በቆሻሻ ጉዳይ ብዙ ከፍላለች። በመጋቢት 2009 የቆሼ ቆሻሻ መጣያ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። በነሐሴ 2010 እዚያው አጠገብ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታቀደ የረጲ ማመንጫ ተመረቀ። የምግብ ትራፊ የበዛበት እርጥብ ቆሻሻ ግን መጀመሪያ የራሱን ውኃ ለማድረቅ እሳቱን ይበላል። ማቃጠል ይሻላል ወይስ ብስባሽ ማዘጋጀት የሚለውን የሚፈርደው የራስ ከተማ ሚዛን ነው። የመቀሌን አመድና የበለስ ልጣጭ የአዲስ አበባ ሠንጠረዥ ውስጥ አታገኙትም።

«አንድ ጆንያ ብንለይ አይበቃም?» ከመኪና ላይ ለሚወሰድ ናሙና የአሜሪካኑ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ደረጃ ለአንድ ጊዜ መለያ ብቻ ከ91 እስከ 136 ኪሎ ይጠይቃል፤ ያውም ደጋግሞ። በር ላይ ለሚሰበሰበው ደግሞ ስምንት ቀን መመላለስ የተለመደ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ከስሌት ይወጣል፣ የስንት ቀን ክምር እንደሆነ አይታወቅምና። ሰባቱ ቀን ሲሞላ የገበያውም የሰንበቱም ቆሻሻ ይገባል።

«ሰፈሮቹን የሚመርጥ ኮሚቴ አቋቁመናል።» መልካም። ቆሻሻ ከሚሰበስቡት ማኅበራት ማን ገባ? «ማንም፤ እነሱ ሳይንሱን አያውቁም።» የትኛው በር አመድ፣ የትኛው በር ላስቲክ እንደሚያወጣ፣ የትኛው መንደር ከነጭራሹ እንደማይደረስበት በትከሻቸው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ስብሰባው መቼ ነው? ወንበር ጨምሩ።