«በሞቴ» ሲባል

በኢትዮጵያ ገበታ ላይ «በቃኝ» አንዴ ቢባል አይሰማም። የመጀመሪያው ይሉኝታ፣ ሁለተኛው ጨዋነት ተደርጎ ይታለፋል፤ ሦስተኛው «ምን አስቀየምንህ?» ያሰኛል።

ምግብ የሚያስጥሉ ምክንያቶች ደረጃ አላቸው። የበላዩ ሃይማኖት ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን ወይም ረመዳንን የጠቀሰ አይለመንም፤ የሌላ እምነት ሥጋ የማይበላም ሽሮ ይታዘዝለታል። ቀጥሎ ሐኪም ይመጣል፤ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ጨጓራ። ጨጓራ ግን ሁሉም ስለሚያመካኝበት ዋጋው ወርዷል። የመጨረሻው «ጤናዬን ልጠብቅ ብዬ ነው» የሚለው ሲሆን፣ መልሱም «ደግሞ ከስተህ የለም እንዴ!» ነው።

ከአዋሽ ሰባት ወደ ሰመራ በሚያልፈው መንገድ፣ የጂቡቲ ከባድ መኪኖች በሚመላለሱበት አዋሽ አርባ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ምሳ ሊታይ ይችላል። ሥጋና ስኳር የቀነሰ መንገደኛ ወዳጁ ዘንድ ለሻይ ብቻ ይወርዳል። ስኳሩ ብርጭቆው ሥር ቀድሞ ተቀምጧል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ የሚጨመር ስኳር ከቀኑ የምግብ ኃይል 10 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል፤ ለአዋቂ ሰው 12 የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ብርጭቆው አራት ማንኪያ ከያዘ፣ ሦስት ሻይ ኮታውን ይጨርሳል።

ከሻዩ በኋላ የፍየል ጥብስ ይከተላል። ጋባዡ ስብ ያለውን ጎድን መርጦ በእንጀራ ይጠቀልላል።

«በሞቴ! ይቺን ብቻ።»

«ሐኪም ከልክሎኛል።»

«የቱ ሐኪም? ደውልልኝ፣ እኔ ላናግረው።»

አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛውም ይመጣል።

ከዚህ ለመውጣት የሚያዋጡ ዘዴዎች ጥቂት ናቸው። ቶሎ አለመጨረስ አንዱ ነው፤ ፊቱ የተራቆተ እንግዳ ይጨመርለታል። ሌላው «ስመለስ» ማለት ነው፤ ጋባዡን አያስቀይምም፣ ግን ዕዳ ነው፤ በመልሱ ጉዞ የታረደ ፍየል ሊጠብቅ ይችላል። ፍቱኑ ጉርሻን በጉርሻ መመለስ ነው፤ አፉ የሞላ ጋባዥ «በሞቴ» ማለት አይችልም።

አዋሽ አርባ ላይ መንገደኛው ይህንኑ ሲሞክር ጋባዡ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ይስባል። «ኧረ እኔ ስኳር አለብኝ!» ምሳውን ሙሉ አልቀመሰም፤ የተከለከለውን ጎድን በእንግዳው አፍ እየበላ ነበር። ብዙ ልመና ከልግስና ሌላ ናፍቆትም አለበት፤ ስለዚህ ምግቡን ከመግፋት በፊት ለማኙ ራሱ መብላት አለመብላቱን ማየት ይበጃል። ከዚያ ወዲያ ክርክር አይኖርም። ሁለቱም ሻይ ያለ ስኳር ያዛሉ፤ አስተናጋጇም በድንጋጤ ትጠይቃለች፦ «ውይ! ማናችሁ ናችሁ የታመማችሁት?»