የተቀረቀሩ የኅትመት ሥራዎችን ለማሰናበት የወጣ አዋጅ

ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

አይቢኤም በሚኒሶታዋ ሮቸስተር ሠርቶ በፈረንጆች አቆጣጠር በጁን 1988 ይፋ ያደረገው ኤኤስ/400 የተባለው ኮምፒውተር፣ ስሙ አይሲሪስ፣ ሲስተም አይ፣ ኋላም አይቢኤም አይ እየተባለ ቢለዋወጥም የኅትመት ወረፋው ጠባይ ያው በመሆኑ፤

የደመወዝ ዝርዝር፣ የመጋዘን ወጪ ማዘዣና የሽያጭ ደረሰኝ በአንድ ወረፋ ተሰልፈው ፊተኛው ሲቀረቀር ኋለኞቹም አብረውት የሚታሰሩ በመሆኑ፤

ወረቀቱ የዘገየበት ሠራተኛ ያንኑ ደረሰኝ ደጋግሞ እያዘዘ፣ ወረፋው የተከፈተ ዕለት አንዱ ስድስት ሆኖ የሚወጣ በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

«ስፑል ፋይል» ማለት ተዘጋጅቶ ያለቀ፣ ወረቀት ላይ ለመውጣት ተራ የሚጠብቅ ሰነድ ነው።
«ራይተር» ማለት ስፑል ፋይሉን ከወረፋው ተቀብሎ ለፕሪንተሩ የሚያስረክብ የማሽኑ ሥራ ነው።
«ኦፕሬተር» ማለት ፕሪንተር ሲቆም ብቻ ስሙ የሚታወስ ሠራተኛ ነው።

አንቀጽ 2፦ ከማሰናበት በፊት ስለ መስማት

ማንኛውም ኦፕሬተር በመጀመሪያ «ወርክ ራይተር» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ የራይተሩን ሁኔታ ይመለከታል። «ኤምኤስጂደብሊው» የሚል ካየ፣ ራይተሩ አቤቱታ አስገብቶ መልስ እየጠበቀ ነው እንጂ አልተቀረቀረም። አቤቱታውም ብዙ ጊዜ «የታዘዘው ዓይነት ወረቀት ይግባልኝ» ከማለት አያልፍም። ኦፕሬተሩ 7 ቁጥርን ጽፎ መልእክቱን ያነባል፤ ወረቀቱን ያስገባል፤ «ጂ» ብሎ ይመልሳል። አቤቱታው ከጧት ጀምሮ ሳይነበብ የዋለ እንደሆነ ጥፋቱ በራይተሩ ስም አይመዘገብም።

አንቀጽ 3፦ ስለ ይሉኝታ

በራይተሩ ፊት 4 ጽፎ ኢንተር መምታት ይሉኝታ የተሞላበት ስንብት ነው፤ ራይተሩ የያዘውን ፋይል ጨርሶ እንዲሄድ ይፈቅዳልና። የያዘውን መጨረስ ቢችልማ ይህ አዋጅ ባላስፈለገ። ስለዚህ መልስ የሚጠብቅ አቤቱታ ሳይኖረው የተገተረ ራይተር ሲገኝ፣ ኦፕሬተሩ 4 ጽፎ ኤፍ4 ይጫናል፤ በአማራጩ ቦታም «ኢሜድ» የሚለውን ሞልቶ ወዲያውኑ ያሰናብተዋል።

አንቀጽ 4፦ ስለ 4 ቁጥር ሁለት ፊት

በራይተሮች ዝርዝር ላይ 4 ራይተሩን ያሰናብታል፤ ፋይሉ ግን ወረፋው ላይ ይቆያል፣ ራይተሩ እንደገና ሲነሣም ይታተማል። በስፑል ፋይሎች ዝርዝር ላይ 4 ፋይሉን ይሰርዛል። የትኛው ዝርዝር ላይ እንዳለ ሳያይ የደመወዝ ዝርዝር የሰረዘ ኦፕሬተር፣ ለሠራተኛው ሁሉ ራሱ ቀርቦ ያስረዳል።

አንቀጽ 5፦ አልሄድም ስላለ ራይተር

«ኢሜድ» ተብሎም ያልሄደ ራይተር ሥራው «ኢንድ ጆብ» በሚለው ትእዛዝ ወዲያውኑ እንዲያበቃ ይታዘዛል። የመጨረሻው በትር «ኢንድ ጆብ አብኖርማል» ነው፤ ከፊተኛው «ኢንድ ጆብ» ትእዛዝ በኋላ 10 ደቂቃ ካልሞላ ግን ማሽኑ ራሱ አይቀበለውም። በ10 ደቂቃው ውስጥ ቡና መጠጣት የተፈቀደ ሲሆን ፕሪንተሩን በጥፊ ማለት ክልክል ነው። በዚህ በትር የተጠቀመ ሁሉ፣ የማሽኑ ቀጣይ አነሣስ ያልተለመደ ተብሎ እንደሚመዘገብና ሊዘገይም እንደሚችል ይወቅ።

አንቀጽ 6፦ የተሻሩ ልማዶች

ገመድ መንቀል፣ አንድ ገጽ ለማስወጣት ሲባል መላውን ማሽን ማጥፋት፣ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» ማለትና ይህን የመሳሰለ ማናቸውም የአሠራር ልምድ በዚህ አዋጅ ተሽሯል።

አንቀጽ 7፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

አዋጆች ታትመው ከወጡበት ቀን ጀምሮ የሚጸኑ ቢሆንም፣ ይህኛው ከተነበበበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ነው። ቅጂ የሚፈልግ በእጁ ይገልብጥ።