ፈራሁ የማይባልበት ገደል

ከእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ በስተምዕራብ፣ በመኪና ብዙም ሳይርቁ፣ ስታኔጅ የሚባል የዐለት ጠርዝ አለ። ርዝመቱ ስድስት ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ቁመቱ ግን ከ25 ሜትር እምብዛም አያልፍም። የሰሜንን ተራራ እያየ ያደገ ሰው ቢያየው “ገደል ያላችሁኝ ይኼን ነው?” ቢል አይፈረድበትም። በዚችው ቁመት ላይ ከሺህ የሚበልጡ መውጫ መስመሮች ተለይተው፣ ስም ወጥቶላቸው፣ ደረጃ ተሰጥቷቸው በመጽሐፍ ታትመዋል። ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ካልጣለ ሥሩ በዐለት ቧጣጭ ይሞላል። የሚቧጥጠው ግን ጥቂቱ ነው። የቀረው ቆሞ ያወራል።

ወሬው የሚጀምረው በአየር ነው። እንግሊዛዊ ስለ አየር ማውራቱ ማንንም አይደንቅም፤ የእነዚህ ግን የተገለበጠ ነው። ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ሞቅ ያለች ዕለት ፊታቸው ይጠቁራል። “ዛሬ አይሆንም፣ ሞቀ” ይባባላሉ። በጥር፣ ብርዱ አፍንጫ ሲቆርጥና ነፋሱ ሲያፏጭ፣ እጃቸውን እያፋተጉ “እንዴት ያለ ግሩም ቀን ነው!” ይላሉ። ምክንያት አላቸው። የስታኔጅ ዐለት ሻካራ የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ብዙ ቦታ ላይ የሚረባ መጨበጫ የለውም፤ ሰውየውን የሚያቆመው የመዳፉና የጫማው ጎማ ከድንጋዩ ጋር መያያዝ ብቻ ነው። ላብ ጠብ ካለ ያ መያያዝ ያበቃል። ለዚህ ነው ወገባቸው ላይ ባንጠለጠሏት ከረጢት ውስጥ የማግኒዥየም ካርቦኔት ዱቄት ይዘው በየደቂቃው እጃቸውን የሚነክሩት። ነጭ ዱቄት በነፋስ ሲበንና ሰዎች በብርድ ሲደሰቱ ያየ መንገደኛ ሌላ ነገር ቢጠረጥር የእሱ ጥፋት አይደለም።

ከገደሉ ሥር፣ ሣሩ ውስጥ፣ ክብ ክብ የወፍጮ ድንጋዮች ተጋድመው ይታያሉ። የድሮ ጠራቢዎች ገበያ ጠፍቶባቸው ትተዋቸው የሄዱ ናቸው። ይህ ዐለት ለወፍጮ የተመረጠው በሻካራነቱ ነበር፤ ዛሬ እህሉ ቀርቶ የሚፈጭበት የጣት ቆዳ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው የወሬ ርዕስ ቆዳ ነው። ሚስትና ባል፣ ሽማግሌና ጎረምሳ፣ የጣታቸውን ጫፍ ወደ ፀሐይ እያዞሩ ይተያያሉ። “የግራው ሌባ ጣቴ አልቋል” ይላል አንዱ። “እኔ እኮ ሐሙስ ነው ያለቀብኝ” ትላለች ሌላይቱ፣ በትንሽ ኩራት። ስንጥቅ ውስጥ እጅ ወትፎ፣ ጡንቻ ወጥሮ መንጠልጠል የዚህ አገር ልዩ ጥበብ ስለሆነ፣ የእጅ ጀርባ ላይ ያለ ጠባሳም እንደ ማዕረግ ይታያል።

ዋናው ርዕስ ግን ደረጃ ነው፤ እንግዳ ሰው የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው። ነገሩን የጀመረው ኦወን ግሊን ጆንስ የተባለ የለንደን የፊዚክስ መምህር ነው። ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1897 ስለ ሌክ ዲስትሪክት ገደሎች ባሳተመው መጽሐፍ መስመሮቹን በአራት መደባቸው፤ ቀላል፣ መካከለኛ፣ አስቸጋሪ፣ የመጨረሻውም “ለየት ያለ ብርቱ”። በዚያ ዘመን ሚስማር የተመታበት ቡትስ ተጫምቶ፣ የቃጫ ገመድ ወገቡ ላይ ቋጥሮ ለሚወጣ ሰው አስቸጋሪው በእርግጥ አስቸጋሪ ነበር። ተከታዮቹ ግን እየበረቱ ሄዱ። የቀድሞውን ስም መሻር ደግሞ እንግሊዝ አገር ነውር ነው፤ ስለዚህ ከላይ ከላዩ ቀጠሉበት። በጣም አስቸጋሪ አሉ። ብርቱ አሉ። በጣም ብርቱ፣ ጠንከር ያለ በጣም ብርቱ፣ ከዚያም የመጨረሻ ያሉትን “እጅግ የከፋ” ጨመሩ። ቅጽል ሲያልቅባቸው በ1970ዎቹ አጋማሽ እጅግ የከፋውን በቁጥር ሸንሽነው ኢ1፣ ኢ2፣ ኢ3 እያሉ ወደ ላይ ተያያዙት። ጆንስ ይህን ሁሉ ለማየት አልታደለም፤ መጽሐፉ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ስዊዘርላንድ ውስጥ ከተራራ ወድቆ ሞቷል።

የዚህ ሁሉ ውጤት፣ “በጣም አስቸጋሪ” የሚባለው ደረጃ (በእነሱ አፍ ቪዲፍ) ዛሬ ጀማሪ የሚለማመድበት መሆኑ ነው። ጨዋታውም በዚያው ልክ ነው።

“ዛሬ ምን ወጣህ?”

“አንድ በጣም አስቸጋሪ መስመር።”

“አይዞህ፣ ትለምደዋለህ።”

ከስታኔጅ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ፍሮጋት በሚባለው ጠርዝ ላይ “የሦስት ጠጠር ገበታ” ሊባል የሚችል ስም ያለው መስመር አለ። ይህ መስመር “ጠንከር ያለ በጣም ብርቱ” ነው ወይስ “ኢ1” የሚለው ክርክር ለዓመታት ሰው አጨቃጭቋል። ከውጭ ለሚያየው የአንድ እርከን ጉዳይ ነው። ለእነሱ ግን ኢ1 ማለት ከተራ ቧጣጭነት ወደ እጅግ የከፋዎቹ ማኅበር የሚያሻግር ድንበር ነው። አቋም አያያዙ ደግሞ የሚገርም ነው። ትናንት የወጣው ሰው ኢ1 ነው ብሎ ይምላል። ከሃያ ዓመት በፊት የወጣው “ኧረ እሱ የእግር መንገድ ነው” ይላል። ወጥቶት የማያውቀው በሁለቱ መካከል ሆኖ ያስታርቃል።

ትንሽ ቀረብ ብሎ ለሚያዳምጥ፣ የሚከራከሩት ስለ ድንጋዩ አይደለም። በስታኔጅ ሥር ቀኑን ሙሉ ቢቆሙ “ፈራሁ” የሚል ቃል አይሰማም። ድንጋዩ ረጥቧል፣ ጫማው ጠቦኛል፣ ፀሐይ ዐይኔ ውስጥ ገባች፣ ቁርስ አብዝቻለሁ፣ ቁርስ አልበላሁም፤ ይህ ሁሉ ይባላል። አጋማሽ ላይ ደርሶ እግሩ እንደ ስፌት መኪና መርፌ ሲርገበገብ ታይቶ የወረደ ሰው እንኳ “ደረጃው ተሳስቷል” ይላል እንጂ ሌላ አይወጣውም። ደረጃ ማለት እንግዲህ ሰው ፍርሃቱን በጨዋ ደንብ፣ በቁጥር የሚናገርበት ዘዴ ነው። “ኢ1 ነው” ሲል “ነፍሴ ልትወጣ ነበር” ማለቱ ነው፤ ሰሚው ይገባዋል፤ ማንም ግን አይተረጉመውም።

ጉዳዩ እስከ ጋዜጣ የደረሰበት ጊዜ አለ። የደርቢሸር ልጅ የሆነው ጄምስ ፒርሰን በ2008 ሰሜን ዴቨን ውስጥ አንድ ረጅም መስመር ወጥቶ ኢ12 ይገባዋል አለ። እስከዚያ ድረስ ያንን ቁጥር የጠራ ሰው አልነበረም። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ስኮትላንዳዊው ዴቭ ማክላውድ ያንኑ መስመር ወጣና ኢ9 ነው አለ። ሦስት እርከን! በዚህ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ በአደባባይ ማዕረግ እንደ መገፈፍ ነው፤ ፒርሰን ብዙ ተወቀሰ፣ ብዙም ሳይቆይ አገሩን ትቶ ወደ አውሮፓ ምድር ተሻገረ። በ2023 ፈረንሳይ ውስጥ አኖ በሚባል ቦታ ሌላ ከባድ መስመር ሲወጣ ታዲያ ስለ ደረጃው ወዲያው አልተናገረም። ኢ12 የሚለው የጸናው ቼኩ አዳም ኦንድራ በ2024 ወጥቶ ክብደቱን ከመሰከረለት በኋላ ነው። አንዴ በትኩስ የተቃጠለ በብርዱም ይተፋል የሚባለው ለካ ዐለት ላይም ይሠራል።

ከደረጃ ቀጥሎ የሚያጣላው ምክር ነው። አበሻ የቸገረው ሰው ሲያይ ዝም ማለት አይሆንለትም፤ መኪና ወደኋላ ለሚያቆም ሰው መንገደኛው ሁሉ “ና፣ ና፣ ትንሽ ወደ ግራ” ይለዋል። ያንን ደግነት ስታኔጅ ይዞ የሄደ ሰው ጠላት ያፈራል። ከሁሉ የሚልቀው ክብር አንድን መስመር ሳይነገሩ፣ ሌላው ሲወጣው ሳያዩ፣ በመጀመሪያ ሙከራ መውጣት ነው። ስለዚህ ከታች ሆኖ “ከቀኝ ትከሻህ በላይ ጥሩ መጨበጫ አለልህ” ያለ ሰው ያንን ክብር በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰርቆታል። የተሰረቀውም ሰው፣ ከተጨነቀበት ቦታ ላይ ሆኖ፣ እንግሊዛዊ ትሕትናውን ያቆያል። “አመሰግናለሁ” ይላል። ቃናው ግን ሌላ ነው።

ግዴታ የሆነ ንግግርም አለ፤ የገመድ ንግግር። ደብረ ዳሞ የወጣ ሰው ነገሩን በቶሎ ይረዳዋል። እዚያ መነኩሴው ከላይ ሆነው እንግዳው ወገብ ላይ የታሰረውን ጠፍር ይስባሉ፤ እግር ቢያዳልጥ ጠፍሩ አለ። ስታኔጅ ላይ ግን መጀመሪያ ለሚወጣው ከላይ የሚጠብቀው የለም። ገመዱ ከታች ነው የሚከተለው። ዐለቱ ላይ ማሰሪያ መቸንከር በዚህ አካባቢ ነውር ስለሆነ፣ መሪው ራሱ ስንጥቅ ውስጥ ብረት እየሸጎጠ፣ ገመዱን እያስገባ ይወጣል። ብረቶቹም የራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ የ1950ዎቹ ሰዎች ዌልስ ውስጥ ወደ ገደል ሲሄዱ ከባቡር ሐዲድ ዳር የወደቀ የቡሎን ዳዶ ለቅመው፣ ክር አስገብተው ስንጥቅ ውስጥ ይወትፉ ነበር። የዌልስ ምድር ባቡር ለዚህ ስፖርት ያደረገው አስተዋጽኦ እስካሁን በወጉ አልተመሰገነም።

መሪው ጫፍ ደርሶ ራሱን ካሰረ በኋላ “ሴፍ!” ብሎ ይጮኻል። ታች ያለው ገመዱን ይለቅና መልሶ ይጮኻል። መሪው ትርፉን ይስባል፤ ገመዱ ሲወጠር ተከታዩ “እኔ ነኝ!” ይላል። “ስትዘጋጅ ውጣ!” “እየወጣሁ ነው!” “እሺ!” ቅዳሴው ይህ ነው፤ ተሰጥዖው አንዲት ቃል አይዛነፍም። ሰበቡ ነፋሱ ነው። “ገመድ አጥብቅ” እና “ገመድ ልቀቅ” ለማለት የተመረጡት ቃላት እንዳይምታቱ ጀማሪው አንድ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ “የላላውን ሳብልኝ” አትበል ይባላል፤ ነፋስ ግማሹን ወስዶ “ላላ” የምትለዋን ብቻ ካደረሰ፣ በጎ ፈቃደኛው ጓደኛህ ገመዱን ያላላልሃል። ጎን ለጎን ብዙ ቡድን በሚወጣበት ቅዳሜ ደግሞ ስም መጥራት ግድ ነው። ዴቭ በበዛበት አገር ይህም ሙሉ መፍትሔ አልሆነም።

በጸደይ ሌላ ርዕስ ይመጣል፤ ወፍ። ደረቷ ላይ ነጭ ጨረቃ መሳይ ያለባት ጥቁር ወፍ ስታኔጅ ላይ ጎጆዋን ትሠራለች፤ ቁጥሯ እየሳሳ ስለሆነ የብሔራዊ ፓርኩ ሰዎችና የብሪታንያ ተራራ ወጪዎች ምክር ቤት ጎጆ ያለበትን አካባቢ ምልክት አድርገው፣ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ቧጣጩ እንዲርቅ ይለምናሉ። ልመናው በደንብ ይከበራል። አንዳንዱ ግን ሲያከብር ከልክ ያልፋል። ጎጆው ያለበት መስመር ክረምቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳው ሰው ምልክቱን ሲያይ ፊቱ በራ ይላል። “ምን ይደረግ፣ ወፏ ትቅደም” ይላል፤ አጠገቡ ያሉትም በአክብሮት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ከገደሉ መልስ ወሬው ሻይ ቤት ይገባል። የግሪንድልፎርድ ባቡር ጣቢያ ሻይ ቤት ግድግዳው ላይ ደንበኛን በሚገስጹ ማስታወቂያዎቹ የታወቀ ነው፤ ቀኑን በገደል የተገሰጸ ሰው ሻዩን ይዞ በወረቀት ይገሰጻል። እዚህ ጥግ ይዘው የተቀመጡ ሽማግሌዎች ካሉ፣ ጨዋታው ሳይውል ሳያድር ጆ ብራውን ላይ መድረሱ አይቀርም። ብራውን በ1930 የተወለደ የማንችስተር ድሃ ቤተሰብ ልጅ፣ ሙያው ግንባታ ነበር። መጀመሪያ ገደል የወጣው እናቱ በጣለችው የልብስ ማስጫ ገመድ ነው ይባላል። በ1949 ስታኔጅ ላይ ሌላው ሁሉ ተመልሶበት የነበረውን ትልቅ ስንጥቅ ወጣው። ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1955፣ ከጆርጅ ባንድ ጋር በዓለም ሦስተኛ የሆነውን የ8,586 ሜትሩን ካንቼንጁንጋ በሰው ልጅ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡ። ለሲኪም ገዥ በተገባው ቃል መሠረት የመጨረሻዋን ጫፍ ሳይረግጡ፣ ጥቂት ሜትር ሲቀራቸው ቆሙ። ከዚያ በፊት ግን በረዶው መሀል አንድ የዐለት ስንጥቅ ገጥሟቸው ነበር። ብራውን ኦክስጅኑን ከፍቶ፣ ስታኔጅ ላይ እንደሚያደርገው እጁን ወተፈና ወጣ።

ያ ስንጥቅ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ቢሆን ደረጃው ምን ይሆን ነበር? ሲወራ የኖረው “በጣም አስቸጋሪ” ይሆን ነበር እየተባለ ነው፤ ቪዲፍ፣ የጀማሪው። ጥግ ያሉት ሽማግሌዎች ግን በዚህም አይስማሙም። አንደኛው፣ ካንቼንጁንጋን በካርታ ካልሆነ አይቶ የማያውቀው፣ ሻዩን አስቀምጦ “ቪዲፍ አብዝተውለታል” ይላል።