የጓሮ ሞኝ ውዳሴ

የጎጃሟ ዲማ ሰውን «ጉድ» በማለት የታወቀች አገር ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ዲማ ላይ ያኖሩት ካሣ ዳምጤ፣ ከሌላው ቀድሞ የገባውን ነገር በመናገሩ ጉዱ ካሣ ተብሎ ቀረ። ዛሬ በዲማም ሆነ በደብረ ማርቆስ እንደ እሱ የሚታይ ሰው አለ። በወር ደመወዝ እየኖረ፣ ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ጥቂት ክንድ መሬት ቆፍሮ ጎመን የሚተክል ሰው ነው። ሞኝ ይሉታል። እኔም ሞኝነቱን ላወድስ ተነሥቻለሁ።

ብልሁ ግቢው እንዳይጨቀይ ጓሮውን ሲሚንቶ ያለብሳል፤ ጎመን ሲያምረው ገበያ ይወጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቆ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ሲያልፍ፣ ብልሁ ዘይቱንም ሽንኩርቱንም በተጠራው ዋጋ ገዛ። መንገድ ሲዘጋም እስኪከፈት ይጠብቃል።

ሞኙ ሥራ ይበዛበታል። የዚህ አካባቢ ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ይዞ ሥር ያበሰብሳል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በፍግ ያለሰልሰዋል፣ መደቡን ከፍ አድርጎ ዙሪያውን ቦይ ያወጣለታል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ እህል የታጠበበትን ውኃ መድፋት ነውር ይሆንበታል፤ ለችግኙ ነው። ውርጭ በሚያስፈራበት በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ማታ ሣር ያለብሰዋል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ከሆነ፣ ተረቱ ምስጋና ነው።

የሐበሻ ጎመን ደግሞ ልፋቱን ይከፍላል። ከታች ያለው ቅጠል ሲቀነጠስ ከላይ ማደጉን አያቆምምና አንድ መደብ ለወራት ይበላል። የጾም ቀን የዓመቱን ግማሽ ያህል በሚይዝበት አገር፣ ከሽሮው ጎን የሚቀርበው ከጓሮ ሲመጣ ለጎመን ያልወጣው ብር ዘይት ይገዛል። ጥግ ላይ አንድ የጌሾ ዛፍ፣ ከደጁ ጤና አዳምና በሶብላ ካሉ ደግሞ ለጠላውም ለበርበሬውም ቅመም ገበያ መውጣት ይቀንሳል። ይህ ትንሽ ነው የሚል ሰው በወሩ መጨረሻ ሳምንት ምሳ አዘጋጅቶ አያውቅም።

ድንችም በሞኞች በኩል የገባ ምግብ ነው። ሺምፐር የሚባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ተመራማሪ ወደ አገራችን ያመጣው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1858 ነው። ሕዝቡ በሰፊው የተቀበለው ግን ከዓመታት በኋላ፣ ከክፉ ቀን ረኃብ ወዲህ ነው። እስከዚያ ድረስ የተከለው ጥቂት ሰው ምን ሲባል እንደኖረ መገመት አያዳግትም። ዛሬ የጎጃም ደጋ ያለ ድንች አይታሰብም፤ በሦስት አራት ወር ስለሚደርስም ለጠባብ ጓሮ የሚስማማ ነው።

ሞኙን የማወድሰው ግን ጓሮ የማይችለውን ይችላል ብዬ አይደለም። ጤፍ ከጓሮ አይወጣም፤ ጤፍ በሚያበቅለው አገር መሐል ሆኖ ደመወዝተኛው ጤፍ ይገዛል። ዘይትም አይወጣም። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተት፣ እንቁላልና ማር ከየቤቱ እንዲገኝ ይፈልጋል፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ላምም ዶሮም ቦታና መኖ ይፈልጋሉ፤ ጎመን ግን አንድ ክንድ ይበቃዋል። ተከራይ ይህንንም ክንድ የሚያገኘው አከራዩ ከፈቀደ ብቻ ነው። አከራዮች ሆይ፣ ሲሚንቶውን አቆዩት፤ ለተከራዮቻችሁ ጓሮውን ልቀቁላቸው።

የዘር ነገርም አለ። ሞኙ ሁሉንም ጎመን ቀንጥሶ አይጨርስም። ሁለት ሦስቱን አበባ አውጥተው እስኪያፈሩ ይተዋቸዋል፤ ፍሬውን አድርቆ በጨርቅ ይቋጥራል። ሰኔ ሲገባም ይሥቅበት ለነበረው ጎረቤቱ በእፍኝ ይሰጠዋል፤ ዋጋ አይጠይቅም።