ብሎኬት የተባለው የጭቃ ቤት

የአዲስ አበባ በጀት ጸደቀ የሚል ዜና በመጣ ቁጥር ቁጥሩን ማስታወሻዬ ላይ እጽፋለሁ። ለ2015 ዓ.ም. 100 ቢሊዮን ብር፣ ለ2016 ዓ.ም. 140 ቢሊዮን፣ ለ2017 ዓ.ም. 230 ቢሊዮን፣ ለ2018 ዓ.ም. ደግሞ 350 ቢሊዮን ገደማ። ከተማዋ ወጪዋን በአብዛኛው የምትሸፍነው ራሷ በምትሰበስበው ግብርና በማዘጋጃ ቤት ገቢ ስለሆነ፣ በጀቱ ሲያድግ የገቢ ዕቅዱም ያድጋል። ዕቅዱ ከላይ ተነሥቶ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያም ወደ ወረዳ እየተሸነሸነ ይወርድና በመጨረሻ አንድ ሰው መስኮት ላይ ቆሞ ይከፍለዋል።

ባለፈው ያ ሰው አክስቴ ነበረች።

አክስቴ በባሏ ጡረታ የምትተዳደር ሴት ናት። ቤቱን ባለቤቷ የሠሩት ከአብዮቱ በፊት ሲሆን፣ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን ለመኖሪያ የቀረላቸው እሱ ነው። ሁለት ክፍልና አንዲት ማድ ቤት፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ። የየዓመቱን የጣሪያና ግድግዳ ግብር ደረሰኝ በፌስታል ጠቅልላ ከዳዊቷ ጀርባ ታስቀምጣለች። አንድም ዓመት አልጎደለባትም።

የዚያን ቀን በጠዋት ወረዳ ደረስን። «ሲስተም የለም» ተባልን። ከምሳ በኋላ ሲስተሙ መጣ፤ የመጣው ሒሳብ ግን ከአምናው ጋር የማይገናኝ ሆነ። አክስቴ ወረቀቱን አገላብጣ አየችውና «ልጄ፣ ይሄ የማን ቤት ነው?» አለች። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ትሑት ነበረች፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። «እማማ፣ ፋይልዎ ላይ ያለው ይሄ ነው» ብላ ስክሪኑን ወደኛ አዞረችው። ግድግዳ፦ ብሎኬት። ሰርቪስ፦ ሦስት ክፍል። ሰርቪሶቹ ከፈረሱ ብዙ ዘመን ሆናቸው፤ ቦታቸው ላይ አክስቴ ጎመን ትተክላለች። ብሎኬት የሚባል ነገር ደግሞ በዚያ ግቢ ተገዝቶ አያውቅም።

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ ትንሽ ልበል፤ ያለሱ የአክስቴ ነገር አይገባም። የጣሪያና ግድግዳ ግብር መሠረቱ የ1968 ዓ.ም. የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ታክስ አዋጅ ቁጥር 80 ነው። የቤቱ ታክስ ሲሰላ የቆየው ቤቱ ቢከራይ በዓመት ያወጣል ተብሎ በሚገመተው ኪራይ ላይ ሲሆን፣ መጣኔው ከ1 እስከ 4.5 በመቶ ነበር። ከተማ አስተዳደሩ በ2015 ዓ.ም. ያሻሻለውም መጣኔውን ሳይሆን ይህንኑ የኪራይ ግምት ነበር። ግምቱ ለረጅም ዓመታት ከገበያው ርቆ ስለቆየ መሻሻሉ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቦሌ ላይ ፎቅ የሚያከራይ ሰው የድሮውን ሒሳብ ሲከፍል መኖሩ ትክክል አልነበረም። ነገር ግን ግምት ሲያድግ በፋይሉ ውስጥ የተኛው ስሕተትም አብሮ ያድጋል። ዱሮ የጥቂት ብር ልዩነት የነበረው «ብሎኬት» የሚል አንድ ቃል፣ ዛሬ የጡረተኛን የወራት አስቤዛ ይወስዳል።

ይታረም ብለን ወደ መሬት ክፍሉ ተመራን። እዚያ ካርታ ተጠየቅን። ካርታው በሟች ባለቤቷ ስም ነው። «መጀመሪያ ስም ይዛወር» ተባለ። ስም ለማዛወር ክሊራንስ ያስፈልጋል። ክሊራንስ የሚሰጠው ግብሩ ሲከፈል ነው። የትኛው ግብር? ያው የተሳሳተው። አክስቴ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ መቁጠሪያዋን ጨበጠች እንጂ አልተናገረችም፤ የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ድምፄንም ከፍ አድርጌ። የሰማኝ ግን አልነበረም። ሁሉም በየፊናው ሕጉ ያዘዘውን እየሠራ ነበር፤ ሦስቱን ወረቀት አንድ ላይ አይቶ «እኚህ ሴትዮ ተበድለዋል» የሚል አንድም ኃላፊ ግን አላገኘንም። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

ከፈለች። የከፈለችው ለቆርቆሮ መቀየሪያ ካጠራቀመችው ነው። ስሙ ከተዛወረ በኋላ ባለሙያ መጣ፤ ሜትሩን ዘርግቶ ለካ፣ ከዚያም በአውራ ጣቱ ግድግዳውን ጫን አደረገው። ጭዱና አፈሩ እግሩ ሥር ፈሰሰ። ምንም ሳይናገር ቅጹ ላይ «ጭቃ» ብሎ ጻፈ። የተከፈለው ትርፍ ይመለሳል ወይ ስንለው «ለሚቀጥለው ይታሰባል» አለን። ይህን በጽሑፍ የሰጠን የለም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። የአክስቴ ሰፈር ሰዎች ግብር መክፈልን አይጠሉም። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ በራቸው ድረስ ስለሚገባ የፍሳሽ ቦይ ይሠራልን ብለው ሲጠይቁ «በጀት የለም» ይባላሉ። በቢሊዮን የሚቆጠረውን በጀት በዜና የሰማ ሰው ይህን መልስ እንዴት ይቀበለው? ከከፈሉት ውስጥ ስንቱ ለሰፈራቸው እንደዋለ የሚነግራቸው ቢኖር ኖሮ ከአምናው ይበልጥ በደስታ ይከፍሉ ነበር። እኔ ይህን የምለው በግምት አይደለም፤ ጎረቤቶቿ ከራሳቸው አዋጥተው የመንገድ መብራት አስገብተዋል።

ደግሞ የግብሩ ነገር እዚህ ላይ አያበቃም። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል። ከእንግዲህ ቤትም ሆነ የመሬት ይዞታ በዋጋው ተገምቶ ሊከፈልበት ነው። ስለዚህ መዝገቡ ሳይጠራ ግምቱ ቢቀድም፣ አክስቴ ላይ የደረሰው በየሰፈሩ ይደርሳል። ከተማ አስተዳደሩ የግምቱን ዝርዝር ከሒሳቡ ጋር አያይዞ ለባለቤቱ መስጠት አለበት፤ አቤቱታ የቀረበበት ፋይልም እስኪጣራ ድረስ ክርክር የሌለበት ሒሳብ ብቻ ይከፈል። ከጡረታቸው ሌላ ገቢ ለሌላቸው ጡረተኞችም በግልጽ የተጻፈ ቅናሽ ይውጣ።

እናንተም ለአሁኑ የመክፈያው ጊዜ ሳይደርስ ወረዳችሁ ሂዱና ፋይላችሁን አስወጡ። ካሬውን፣ የግድግዳውን ዓይነት፣ የክፍሉን ብዛት በዓይናችሁ እዩ፤ የተሳሳተ ካለ በጽሑፍ አመልክቱና ማመልከቻችሁን በቁጥር አስመዝግቡ። በአቅራቢያችሁ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋዊ ካሉም የእሳቸውን አብራችሁ አስወጡላቸው።